ዕፅ ተሸክሞ የተያዘ ሰው በእንግሊዝ ፍርድ ቤት፦ ስለ ቅጣትና ስለ ማቅለያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የሚመለከተው በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራውን ሕግ ነው። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው አሠራር አላቸው። የተዘጋጀው በተለይ እህቱ፣ ወንድሙ ወይም ልጁ ሂትሮው ወይም ጋትዊክ ላይ ከነሻንጣው ለተያዘበት ቤተሰብ ነው። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳኛው ቅጣቱን ከምን ተነሥቶ ያሰላል?

ከሁለት ነገሮች ይነሣል፦ የዕፁ ዓይነትና መጠን፣ እንዲሁም ተከሳሹ በዝውውሩ ውስጥ የነበረው ሚና። ዳኞች የቅጣት አወሳሰን ምክር ቤት ያወጣውን መመሪያ መከተል አለባቸው። ለዕፅ ወንጀሎች የወጣው መመሪያ በ2012 ሥራ ላይ ውሏል፤ በኤፕሪል 2021 ተሻሽሏል።

ሕጉ ዕፆችን በሦስት መደብ ይከፍላል። ኮኬይንና ሄሮይን በመደብ ኤ፣ ካናቢስ በመደብ ቢ፣ ጫት ደግሞ በመደብ ሲ ይገኛሉ። መደብ ኤ ወደ አገር ማስገባት እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ያስቀጣል፤ ቢና ሲ እስከ 14 ዓመት።

ለኮኬይንና ለሄሮይን ዋናዎቹ የመጠን ማሳያዎች 5 ኪሎ፣ 1 ኪሎና 150 ግራም ናቸው። ሚናው «አነስተኛ» ነው ከተባለ መነሻ ቅጣቱ በ5 ኪሎ 8 ዓመት (ከ6 እስከ 9)፣ በ1 ኪሎ 6 ዓመት (ከ5 እስከ 7)፣ በ150 ግራም 4 ዓመት ከ6 ወር ነው። ያው ዕፅ ተይዞ ሚናው «ጉልህ» ከተባለ መነሻው 10፣ 8 እና 6 ዓመት ይሆናል። «መሪ» ለተባለ ደግሞ 14፣ 11 እና 8 ዓመት ተኩል ነው። በካናቢስ ማሳያዎቹ 200 ኪሎ፣ 40 ኪሎና 6 ኪሎ ሲሆኑ፣ አነስተኛ ሚና ላለው መነሻው 4 ዓመት፣ 2 ዓመትና 1 ዓመት ነው።

አንድ ኪሎ ኮኬይን ይዘው የተያዙ ሁለት ሰዎች በሚና ብቻ ተለያይተው አንዱ ከ6፣ ሌላው ከ8 ዓመት ይጀምራል ማለት ነው። ስለዚህ ቤተሰብ በማቅለያ ደብዳቤ ከመሯሯጡ በፊት ጠበቃውን መጠየቅ ያለበት «ሚናውን በምን ማስረጃ ነው የምናሳየው?» ብሎ ነው።

ክብደቱ ሲለካ ንጹሑ ዕፅ ብቻ ነው የሚታሰበው?

አይደለም። ከሌላ ነገር ጋር የተደባለቀው ዱቄት በሙሉ ይመዘናል፤ ማሸጊያው አይቆጠርም። የንጥረቱ ደረጃ የሚታየው በሁለተኛው እርምጃ፣ ማለትም መነሻ ቅጣቱ ከታወቀ በኋላ ነው፤ ከፍተኛ ከሆነ ያከብዳል፣ ዝቅተኛ ከሆነ ያቀላል።

ማሳያ መጠኖቹ አጥር አይደሉም። 4 ኪሎ የያዘ ሰው «ገና 5 አልሞላሁም» ብሎ እንደ 1 ኪሎ አይቀጣም፤ ዳኛው ከ1 ኪሎው መነሻ ወደ ላይ ይወጣል። ከ5 ኪሎ እጅግ በበለጠ መጠንና በትልቅ የንግድ ደረጃ ለተፈጸመ ወንጀል መመሪያው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል።

ተሸካሚ ብቻ መሆን በራሱ አነስተኛ ሚና ያሰጣል?

አያሰጥም። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መመሪያው የሚጠይቀው «ተሸካሚ ነበር ወይ?» ብሎ ሳይሆን እንዴት ገባበት፣ ምን ያህል ያውቅ ነበር፣ ምን ሊያገኝ ነበር ብሎ ነው።

ወደ አነስተኛ ሚና የሚያወርዱት፦ በሌላ ሰው ትእዛዝ ሥር የተወሰነች ሥራ ብቻ መሥራት፤ በግፊት፣ በማስፈራራት ወይም በቁጥጥር ሥር ሆኖ መግባት፤ በየዋህነት፣ ባለመብሰል ወይም በመበዝበዝ መሳተፍ፤ ከበላይ ባሉት ላይ ምንም ተሰሚነት አለመኖር፤ የዝውውሩን ስፋት አለማወቅ፤ የሚጠበቀው ጥቅም ትንሽ መሆን ናቸው። ወደ ጉልህ ሚና የሚያወጡት ደግሞ ጠቀም ያለ ገንዘብ መጠበቅ፣ ሌላ ሰው መመልመል፣ የዝውውሩን ስፋት በተወሰነ ደረጃ ማወቅ ናቸው። ከሁለቱም ወገን ምልክት ያለበት ሰው ብዙ ነው፤ ዳኛው ሁሉንም መዝኖ ይፈርዳል እንጂ አይቆጥርም።

ዐቃቤ ሕግ ይህን የሚያየው ከዕቃውና ከስልኩ ነው። ቲኬቱን ማን ገዛው፣ በጥሬ ገንዘብ ነው ወይስ በካርድ? ፓስፖርቱ ላይ ከዚህ በፊት የተደረጉ አጫጭር ጉዞዎች ማኅተም አለ? በዋትስአፕ ላይ ትእዛዝ ተቀባይ ነው ወይስ ተደራዳሪ? «አድርጊ፣ ሂጂ፣ ፎቶ ላኪ» የሚል የአንድ ወገን መልእክት ለአነስተኛ ሚና ጥሩ ማስረጃ ነው። ስለ ዋጋ የተከራከረ ወይም ጓደኛውን «አንተም ና» ያለ ሰው ግን ያንን መልእክት ማስረዳት ይከብደዋል። ዕዳ መሰረዝም ጥቅም ነው፤ «ገንዘብ አልተቀበልኩም፣ ዕዳዬን ሊተውልኝ ነበር» ማለት ነጻ አያወጣም። ይሁንና ዕዳው በደላላ የተጫነ፣ እያደገ የሚሄድና ከማስፈራሪያ ጋር የመጣ ከሆነ ነገሩ ወደ ግፊትና ብዝበዛ ስለሚዞር ሙሉ ታሪኩ ለጠበቃ መነገር አለበት።

ስልክ ላይ ያለውን ማጥፋት ትልቅ ስሕተት ነው። የጠፋ መልእክት ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ማስረጃ ለማጥፋት መሞከር ደግሞ ራሱ ማክበጃ ምክንያት ነው። ተከሳሹን የሚረዳው መልእክትም አብሮ ይጠፋል።

«አላውቅም ነበር» እና «ተገድጄ ነው» ሁለቱም ማቅለያ ናቸው?

የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አብረው ሲቀርቡም አንዱ ሌላውን ያፈርሰዋል። ሻንጣው ውስጥ የተከለከለ ነገር መኖሩን ፈጽሞ አላወቀም ከተባለ ያ መከላከያ ነው፤ ዳኝነቱም በችሎት ክርክር ያልቃል። ዐቃቤ ሕግ የዕፁን ዓይነት ያውቅ እንደነበር ማሳየት አይጠበቅበትም፤ የተከለከለ ዕቃ እያስገባ መሆኑን ማወቁ ይበቃል። «ካናቢስ መስሎኝ ኮኬይን ሆኖ ተገኘ» የሚለው ከቅጣት አያድንም፤ እምነቱ ምክንያታዊ ከሆነ ግን ማቅለያ ይሆናል።

መገደድ በሦስት ደረጃ ይታያል። የመጀመሪያው ሙሉ መከላከያ ሲሆን በራስ ወይም በቅርብ ሰው ላይ የሞት ወይም የከባድ አካል ጉዳት ዛቻ ይጠይቃል፤ የገንዘብ ችግር አይበቃም። ሁለተኛው የ2015ቱ የዘመናዊ ባርነት ሕግ በአንቀጽ 45 የሚሰጠው መከላከያ ነው። አዋቂ ሰው በባርነት ወይም በብዝበዛ ምክንያት መገደዱን፣ በእርሱ ቦታ ያለ ምክንያታዊ ሰውም ሌላ እውነተኛ አማራጭ እንዳልነበረው ማንሣት አለበት። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ መገደድ አይጠየቅም። ሦስተኛው ከሁለቱ በታች የቀረ ግፊት ነው፤ እርሱ ሚናን ያወርዳል ወይም ቅጣትን ያቀላል፤ ሁለት ጊዜ ግን አይቆጠርም።

የብዝበዛ ጥርጣሬ ካለ ፖሊስ፣ ቦርደር ፎርስ (የድንበር ጠባቂው መሥሪያ ቤት) ወይም ሥልጣን የተሰጠው የእርዳታ ድርጅት ሰውየውን ወደ ብሔራዊ የተጠቂዎች መለያ ሥርዓት ሊመራው ይችላል፤ አዋቂ ከሆነ ፈቃዱ ያስፈልጋል። ይህ ከፍርድ በፊት ቢነሣ ይሻላል። ብዙዎች አገር ቤት ያለ ቤተሰባቸው እንዳይነካ ፈርተው በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ «ማንም አላስገደደኝም» ይላሉ፤ ከወራት በኋላ ሲናገሩ ዐቃቤ ሕግ የፊተኛውን ቃል ያነብላቸዋል። ነጻው የፖሊስ ጣቢያ ጠበቃ ሳይመጣ ቃል አለመስጠት መብት ነው፤ ጠበቃው ሲመጣም ፍርሃቱን መንገር ያስፈልጋል።

ዕፁን ዋጥ አድርጎ የመጣ ከሆነስ?

ወዲያውኑ ለመኮንን ወይም ለሐኪም ይናገር። አንድ ፍሬ ሆድ ውስጥ ቢፈነዳ በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል። ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ተጠርጣሪ በጉምሩክ ጥበቃ ሥር እስከ 192 ሰዓት እንዲቆይ ማዘዝ ይችላል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ማለፍ የሚባል ነገር የለም።

የትኞቹ ማቅለያዎች ክብደት አላቸው?

በዱሮው አሠራር፣ በ1982 ከተሰጠ የይግባኝ ፍርድ ጀምሮ፣ የተሸካሚ መልካም ስም እምብዛም አይረዳም ነበር። ምክንያቱ አዘዋዋሪዎች ሆን ብለው ንጹሕ ስም ያላቸውን ይመለምላሉ የሚል ነው። ምክር ቤቱ መመሪያውን ከማውጣቱ በፊት እስር ቤት ያሉ 12 ሴት ተሸካሚዎችን ጉዳይ አጥንቷል፤ የ2012ቱ መመሪያ ለሚና ትልቅ ቦታ የሰጠው በድህነት፣ በዛቻና በማታለል የገቡ ሰዎች ከአደራጆቹ ጋር እኩል ሲቀጡ በመኖራቸው ነው። ለውጡ ተገቢ ነበር።

ዛሬ ዳኛው ከሚያያቸው ማቅለያዎች መካከል ከዚህ በፊት አለመቀጣት፣ ተጋላጭነቱ ተበዝብዞ መገኘት፣ ድርጊቱ አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ፣ እውነተኛ ጸጸት፣ ዕድሜና አለመብሰል፣ ከባድ ሕመም፣ የአእምሮ ጤና ችግር፣ የልጅ ወይም የአቅመ ደካማ ብቸኛ ተንከባካቢ መሆን ይገኛሉ። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ እርግዝና፣ ወሊድና ከወሊድ በኋላ ያለው ጊዜ ራሱን የቻለ ማቅለያ ሆኗል።

እናት መሆን ብቻውን ከእስር አያድንም፤ መደብ ኤ ሲሆን ቅጣቱን ያሳጥር ይሆናል እንጂ አያስቀረውም። ክብደት የሚኖረው ልጁ ላይ የሚደርሰው ነገር በተጨባጭ ሲታይ ነው፦ ስንት ዓመቱ ነው፣ አሁን ማን ጋር ነው፣ ያ ሰው እስከ መቼ ሊይዘው ይችላል፣ ትምህርት ቤቱ ምን ይላል። ነፍሰ ጡር፣ ልጅ ያላት እናት ወይም ከ18 እስከ 25 ዓመት የሆነ ወጣት ከሆነ ጠበቃው የፕሮቤሽን ሪፖርት (ከፍርድ በፊት ስለ ተከሳሹ ሁኔታ ለዳኛው የሚቀርብ ጽሑፍ) እንዲጠይቅ ማሳሰብ ጥሩ ነው።

ቤተሰብ ምን ሰነድ ይሰብስብ? የድጋፍ ደብዳቤስ ምን ይበል?

በመጀመሪያ ሰነድ። የሆስፒታል ካርድና የምርመራ ውጤት፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከአገር ቤት ጥገኞችን የሚያረጋግጥ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የገንዘብ መላኪያ ደረሰኞች፣ ዛቻ የመጣባቸው መልእክቶች ከነቀናቸው። አማርኛ የሆነው ሁሉ በባለሙያ ተተርጉሞ ከነዋናው ይቅረብ። የቤተሰብ አባል የተረጎመውን ዐቃቤ ሕግ በቀላሉ ይጥለዋል።

ከዚያ ደብዳቤ። አምስት ጥሩ ደብዳቤ ከሠላሳ ተመሳሳይ ይበልጣል። ጸሐፊው ማን እንደሆነ፣ ተከሳሹን ከመቼ ጀምሮ በምን እንደሚያውቀው፣ በምን እንደተከሰሰ ማወቁን በግልጽ ይጻፍ። ክሱን እንደማያውቅ የሚያስመስል ደብዳቤ ዋጋ የለውም። የደብር አስተዳዳሪ፣ የመስጊድ ኢማም ወይም የማኅበር ሰብሳቢ ሲጽፍ «ትሑትና ጨዋ ናት» ከሚል ይልቅ የተደረገውን ነገር ያስቀምጥ፦ ለምሳሌ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናት ማስተማሯን።

ከሁሉ የሚጎዳው ደግሞ ተከሳሹ ጥፋቱን አምኖ ሳለ «እርሱ ንጹሕ ነው፤ አሳስተውት ነው፤ ነገሩ ስም ማጥፋት ነው» ብሎ መጻፍ ነው። በፍቅር የተጻፈ ቢሆንም ዳኛው ጸጸቱን እንዲጠራጠር ያደርጋል። ደብዳቤዎቹ ሁሉ በጠበቃው በኩል ይለፉ፤ በቀጥታ ለዳኛ አይላኩ።

ጥፋትን ማመን ምን ያህል ይቀንሳል?

በመጀመሪያው ችሎት፣ ማለትም በማጅስትሬት ፍርድ ቤት ሲቀርብ ካመነ አንድ ሦስተኛ ይቀነሳል። ከዚያ በኋላ ካመነ ቢበዛ አንድ አራተኛ ነው፤ እየዘገየ ሲሄድ ይወርድና ክርክሩ በሚጀመርበት ቀን አንድ አሥረኛ ይሆናል።

በቁጥር እንየው። ሰውየው 2 ኪሎ ኮኬይን ይዟል፤ ሚናው አነስተኛ ነው። መነሻው 6 ዓመት፤ መጠኑ ከ1 ኪሎ ስለሚበልጥ ዳኛው ወደ 6 ዓመት ተኩል አወጣው እንበል። ለወጣትነቱ፣ ለንጹሕ ስሙና ለጸጸቱ ወደ 5 ዓመት አወረደው። በመጀመሪያው ችሎት አምኖ ከሆነ 3 ዓመት ከ4 ወር ይሆናል። ክርክሩ በሚጀመርበት ቀን ቢያምን ግን 4 ዓመት ተኩል ነው። ልዩነቱ 14 ወር ነው። ሚናው ጉልህ ተብሎ መነሻው 8 ዓመት፣ በመጠኑ 8 ዓመት ተኩል፣ በማቅለያ 7 ዓመት ቢሆን፣ በጊዜ ቢያምንም 4 ዓመት ከ8 ወር ይደርሳል። ከፍርድ በፊት በእስር ያሳለፈው ጊዜ ይታሰብለታል።

ይህ ማለት ያላጠፋ ሰው ለቅናሽ ብሎ ይመን ማለት አይደለም። ማስረጃውን ያየ ጠበቃ ሳያማክሩ መወሰን አይገባም።

ማመን ቢፈልግም ዐቃቤ ሕግ የሚለውን ሁሉ ባይቀበልስ?

ጠበቃው የእምነቱን መሠረት በጽሑፍ ያቀርባል፦ «ይህን አድርጌያለሁ፤ ግን እንዲህ ተገድጄ፣ ይህን ያህል ብቻ እያወቅሁ» የሚል። ዐቃቤ ሕግ ካልተቀበለና ልዩነቱ ቅጣቱን የሚለውጥ ከሆነ ዳኛው ያለ ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ብቻውን ማስረጃ ሰምቶ ይወስናል። ተከሳሹ ራሱ መመስከር ሊኖርበት ይችላል። ቃሉ ውሸት ሆኖ ከተገኘ ያገኘው የነበረው የእምነት ቅናሽ በአብዛኛው በግማሽ ይቀንሳል።

የላኩትን ሰዎች ማጋለጥ ይረዳል?

አዎ፤ ከዐቃቤ ሕግ ጋር በጽሑፍ በሚደረግ ስምምነት ጉልህ ቅናሽ ሊያስገኝ ይችላል። አደጋውም እውነተኛ ነው፤ ላኪዎቹ የቤተሰቡን ሰፈር ያውቃሉ። ይህ ነገር በእስር ቤት ስልክ አይወራም፤ ጥሪው ይቀዳል። ቤተሰብም «ተናገር» ወይም «ዝም በል» ብሎ ባይጫነው ይሻላል።

አስተርጓሚ ላይ ምን መጠንቀቅ ያስፈልጋል?

አስተርጓሚ በፖሊስ ጣቢያም በፍርድ ቤትም በነጻ ይሰጣል። ቋንቋውን በትክክል ይጥቀስ፤ አፉን በትግርኛ ወይም በኦሮምኛ የፈታ ሰው «አማርኛም ይሆናል» ብሎ መቀበል የለበትም። «አውቄ ነበር» እና «ጠርጥሬ ነበር» በአማርኛ በጣም ይራራቃሉ፤ በክሱ ውስጥም እንዲሁ። «ነገሩ ገብቶኝ ነበር» ሲባል መቼ ነው የገባው? ሻንጣውን ሲቀበል ነው ወይስ ሲያዝ? ተርጓሚው ከዘለለው መልሶ ማስረዳት ተገቢ ነው።

ሌላው ወጥመድ ሰዓትና ዘመን ነው። በእኛ አቆጣጠር «ጠዋት 3 ሰዓት» የተባለው በእነርሱ 9 ሰዓት ነው፤ ከስልኩ መልእክት ጋር ሳይገጥም ሲቀር ተከሳሹ ውሸታም ይመስላል። የትውልድ ዘመንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተነግሮ ሳይቀየር ከተመዘገበ የ7 ወይም የ8 ዓመት ስሕተት ይፈጥራል፤ ለወጣት ተከሳሽ ይህ ትልቁን ማቅለያ ያሳጣዋል።

ጫትም እንደ ዕፅ ነው የሚታየው?

ከጁን 24 ቀን 2014 ጀምሮ አዎ። ከዚያ በፊት በሕጋዊ መንገድ ይገባ ስለነበር ብዙ ሰው ዛሬም ይዘናጋል። ለራስ መጠቀሚያ ጥቂት ይዞ መገኘት መጀመሪያ በማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ በ60 ፓውንድ ቅጣት ሊያልፍ ይችላል። በሻንጣ ሞልቶ ማስገባት ግን የማስገባት ወንጀል ነው። «ባህላችን ነው» ማለት ጫት ስለ መያዙ ምክንያት ያስረዳል እንጂ ከጥፋት አያነጻም።

ከእስር በኋላ ከአገር ይባረራል?

የእንግሊዝ ዜግነት የሌለውና 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ የተፈረደበት ሰው በ2007ቱ ሕግ መሠረት ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) የማባረር ትእዛዝ ያወጣበታል፤ የሰብአዊ መብትና የስደተኛነት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ከጁን 2022 በኋላ ለተፈረደበት ስደተኛም 12 ወር «ከባድ ወንጀል» ስለሚባል ጥበቃውን ሊያጣ ይችላል። የወንጀል ዳኛው ይህን አስቦ ቅጣት አይቀንስም። ስለዚህ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ከመጀመሪያው መያዝ አለበት።

የታሰረ የውጭ ዜጋ ለኤምባሲው እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት አለው። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ግን ከአገሩ መንግሥት ጋር መገናኘት እንደማይፈልግ ለፖሊስና ለጠበቃው መናገር አለበት።

ይግባኝ ይቻላል?

በ28 ቀን ውስጥ፣ በፈቃድ። «በዛብን» ማለት አይበቃም፤ ቅጣቱ በግልጽ ከመጠን ያለፈ ወይም የሕግ ስሕተት ያለበት መሆን አለበት። ሚናው በስሕተት ጉልህ ከተባለ ጥሩ ምክንያት ነው። መሠረት የሌለው ይግባኝ ላይ ፍርድ ቤቱ የተወሰነ የእስር ጊዜ እንዳይታሰብ ሊያዝ ይችላል። በሌላ በኩል የዐቃቤ ሕግን መሥሪያ ቤት በበላይነት የሚቆጣጠረው አቶርኒ ጄነራል ቅጣቱ በጣም ቀለለ ብሎ በዚያው 28 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ፍርድ ቤት ሊያቀርብ ይችላል።

በሌላ አገርስ እንዲሁ ነው?

ፈጽሞ አይደለም። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ 500 ግራም ኮኬይን ቢያንስ 5 ዓመት፣ 5 ኪሎ ቢያንስ 10 ዓመት ያስቀጣል፤ ዳኛው ከዚህ መውረድ የሚችለው ሕጉ በዘረዘራቸው ጠባብ ሁኔታዎች ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ለዕፅ ዝውውር የሞት ቅጣት መፈጸም በኖቬምበር 2022 እንደገና ጀምራለች፤ ከተገደሉት መካከል ሐሺሽ በማስገባት የተከሰሱ ኢትዮጵያውያን አሉ። እዚያ የታሰረ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ከዚህ ገጽ ስሌት ተነሥቶ ቀን አይቁጠር፤ ዛሬውኑ ኤምባሲውንና የአገሩን ጠበቃ ይያዝ።